ሰላምታውን እኔ ላይ ጨርሱት

ስልክ ቤቴን የዘጋሁ ቀን ማንም አላለቀሰልኝም። ምን ያስለቅሰዋል? ሁሉም ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ቁልፉን ለአከራዩ ሰጥቼ ስወጣ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ዱባይ ካለች እህቱ ጋር በቪዲዮ የሚያወራ ጎረምሳ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ብርሃኑን ከለሉብኝ» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀኔ ብርሃን የምከልል ሆንኩ። ፈቀቅ አልኩለት። እህቱ ቆንጆ ናት፤ አይቻታለሁ።

ዘነቡ እባላለሁ። ላፍቶ መጥታችሁ በዚህ ስም ብትጠይቁ ግን ማንም አያሳያችሁም፤ «እማማ ሀሎ» በሉ። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እየለፈለፍኩ የምትጽፈው ትልቋ ልጄ ናት። አስተማሪ ስለሆነች ነገር ማሳመር ትወዳለች። «እንዳልኩሽ ጻፊ፣ ካሳመርሽው ያንቺ ይሆናል» ብያታለሁ። ይቺንም ስትጽፍ እየገላመጠችኝ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ብጥስጣሽ ጨርቅ እጠርግ ነበር። አለቃችን ሲሄድ አንገቱን የሚያስቀድም፣ ሲቆጣ በአፍንጫው የሚናገር ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ድምፅ ማውጣት ይሆንልኛል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እሱን ሆኜ ሴቶቹን ስቆጣ ሁሉም ድንገት ዝም አሉ። ዞር ስል ከኋላዬ ቆሟል። ራሱም ሳቀ እኮ! በሳምንቱ ግን አሰናበተኝ።

ከዚያ ጋሽ ደምሴ ጋ ገባሁ። ጋሽ ደምሴ በደህናው ጊዜ የስልክ መስመር የሚያገናኙ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሀይሌ ጋርመንት አደባባዩ አጠገብ ስልክ ቤት ከፈቱ፤ ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። የገባሁት ልጠርግ ነው። ደመወዙን አልነግራችሁም፣ ትስቃላችሁ።

ሰውየው ጠባይ ነበራቸው። አንድ ሰው አውርቶ በወጣ ቁጥር የስልኩን እጀታ አረቄ በነካ ጥጥ ይወለውላሉ። «የሰው ትንፋሽ ላይ ሌላ ሰው አይተነፍስም» ይላሉ። ለስልኩ ትንሽ፣ ለራሳቸው ደግሞ ትንሽ፤ ማታ ላይ ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። መስመሩ ተገናኝቶ «ሀሎ» ሲባል ወንበራቸውን ዞር አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያደርጋሉ። ሰው እያየ የሚያወራና ሰው ሳያየው የሚያወራ አንድ አይደለም፣ አሉኝ። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል አይጮሁም፤ በሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ኳ ያደርጋሉ። ደዋዩም ያውቃል፣ መሰነባበት ይጀምራል።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ያችን ጥያቄያቸውን ነው የወረስኩት። ቁጥሩን ከመምታታቸው በፊት ደዋዩን ዓይን ዓይኑን እያዩ «መጀመሪያ ምን ልትላት ነው?» ይላሉ። መልስ ከሌለው አይደውሉለትም። «ሂድ፣ እዛ ተቀመጥና አስብ።»

ቁጥር ከገበያ አውቃለሁ፤ የማላውቀው ስም ማንበብ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ሥዕል ነበር። ቤሩት የሚደወልላት ሁሉ ከጎኗ ማዕበል አለ፤ ጅዳ የሚደወልላት ጨረቃ አለ። ከዚያ ደግሞ የየቤቱ ምልክት፤ ሹሩባ የምትሠራዋ ማበጠሪያ፣ ጫማ ሰፊው ወስፌ። ጋሽ ደምሴ ደብተሬን ገልጠው አይተው «ይሄ የሌባ መዝገብ ነው የሚመስለው» አሉ፤ ግን አንድ ቀን ቁጥር ጠፍቷቸው የጠየቁት እኔን ነው።

እሳቸው ጉልበታቸው ሲደክም ዕቃውን ለኔ አሳለፉልኝ፣ እኔም ላፍቶ ሰፈሬ አምጥቼ ከፈትኩ። እሳቸው በየቀኑ በታክሲ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ «አለቃ ሆኜ አይደለም» ይላሉ።

እንግዲህ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ባሕር ማዶ የደወለ ሰው ሁለት ደቂቃ ገዝቶ፣ አንድ ደቂቃ ተኩሉን «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? አንቺ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» ሲል ያልቃል። ቁም ነገሩ ሲጀመር ማንኪያው ኳ! አንጀቴ ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ሰው ሲገባ ፊት ለፊቴ አስቀምጠውና «በል፣ ሰላምታውን እኔ ላይ ጨርሰው» እለዋለሁ። እኔን እንደ ልጁ አርጎ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ሲለኝ ይቆይና፣ ሲወጣለት እደውልለታለሁ። ሰፈሩ ሳቀብኝ፣ ግን ደቂቃ ተረፈላቸው።

ለኔ ደግሞ በየጥሪው አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ከመዘጋቱ በፊት እጀታውን ተቀብዬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ስላሉበት አገር። ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም፤ ቤሩትን ግን በጆሮዬ ዞሬዋለሁ። እዛም መብራት ይጠፋል። ድንገት ከበስተጀርባ ድር ር ር የሚል ከተሰማ የፎቁ ጀነሬተር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሠሪዎቹ ማዳሞች ምሳቸውን በልተው ይተኛሉ፤ የኛ ልጆች በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጡ የሚያወሩት ያኔ ነው፣ ያኔ ነው የሚደወለው። ከአራተኛ ፎቅ ቅርጫት በገመድ አውርደው ዳቦ ይገዛሉ። ይሄን የነገረችኝ መሰረት ናት።

መሰረት የጎረቤቴ የጥሩነሽ ልጅ ናት። እሷን መጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ አይታ ነው የምትመልሰው። አንድ ጊዜ «እዚህ ተራራው ላይ በረዶ ወረደ» አለችኝ።

«ውይ! አልመታሽም?» አልኳት።

«አይመታም፣ እማማ ዘነቡ። እንደተፈለቀቀ ጥጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ድምፅ የለውም።»

ድምፅ የሌለው በረዶ! ለአንድ ሳምንት ለገባ ለወጣው ሁሉ ስናገር ከረምኩ።

እናቷ ጥሩነሽ ደግሞ ሌላ ናት። በደብተሬ ላይ ምልክቷ በርበሬ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ልጇን ትወዳታለች፣ ግን ፍቅሯ በሙሉ ቁጣ ነው። «በላሽ? ምን በላሽ? እሱ ምግብ ነው? ካፖርት ለበሽ? ለምን አታስሪውም?» እያለች ሁለቱን ደቂቃ ትጨርሰዋለች። መሰረት ከወዲያ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ነው።

አንድ ቀን ጥሩነሽ ሳትመጣ ቀርታ መሰረት ደወለች። ሰይጣን አሳሳተኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጥሩነሽን ሆንኩ። «የኔ እናት፣ የኔ ማር፣ እመብርሃን ትጠብቅሽ» አልኳት። ልጅቷ አለቀሰች። ደንግጬ «ኧረ እኔ ነኝ፣ ዘነቡ!» ስላት ደግሞ በሳቅ ፈረሰች። «ገደሉኝ እኮ! ድምፁስ ቁርጥ እሷ!» ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ሆነ። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አታልያታለሁ። ጋሽ ደምሴ ከአግዳሚው ላይ ሆነው «ዘነቡ፣ ስልክ ላይ ሰው ያለው ድምፁ ብቻ ነው። እሱን አትንኪበት» አሉኝ። ሳቅሁባቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመሰረት ኮንትራት ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶት ነበር። ሰባቱን ወር ከጨረሰች ማዳሟ ወረቀቷን ልታዛውርላት፣ እሷም እዚያው ቤሩት ፀጉር ቤት ልትገባ ተስማምተዋል። ካቋረጠች ግን ሁለተኛ ወደዚያ አገር መግባት የለም። ሰፈሩ ሁሉ ያችን ሰባት ወር አብሯት ይቆጥር ነበር።

በዚሁ መሀል ጥሩነሽ ለጉልበቷ ጸበል ሄደች፤ ስልክ የማይደርስበት ቦታ። ባሏ ጋሽ ተፈራ ለልጁ ሊደውል መጣ። የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሰልፉ ደጅ ደርሷል።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሰላምታውን እኔ ላይ ጨርስ» አልኩት።

«ያንቺ ነገር! እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ጎረቤት ደህና ነው፣ ጥሩነሽም ደህና ናት…»

«በቃ፣ በቃ፣ ግባ!»

ምስኪን፣ ያልኩትን አደረገ። ሁሉን እኔ ላይ ጨርሶ ለልጁ ምንም አልተረፈውም። «መሲ፣ ደህና ነን፣ እንኳን አደረሰሽ፣ በርቺ» ብቻ አላት። «እማዬስ?» ስትለው «ጸበል ሄዳለች» አለና ዘጋው።

እውነቱን ነው። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኛ በስልክ መርዶ አንናገርም። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ እንደብቃለን፤ እዛ ያሉ ወገኖች እሁድ ማለዳ ሰብሰብ ብለው ቤቱ ሄደው እስኪነግሩት ድረስ። እስከዚያ የሞተ ሰው የት ነው? ጸበል። የመሰረት ጓደኛ የአስቴር እናት ስትሞት ሁለት ወር ሙሉ «ጸበል ሄደዋል» ያልኳት እኔው ነኝ።

በማግስቱ መሰረት ደወለች። ሰላምታ የለም። «እማማ ዘነቡ፣ እማዬ መቼ ሞተች?»

«ኧረ ምን ነካሽ! በሕይወት አለች!»

«አባዬ ስለሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰላም ትልሻለች እንኳ አላለኝም።»

«እኔ አስቸኩዬው ነው። በማርያም፣ ጸበል ናት!»

«ለአስቴርም እንዲሁ ነበር የማሉላት» አለችኝ።

ሰው ልኬ ጥሩነሽን ካለችበት አስመጣኋት። በስድስተኛው ቀን ደረሰች፤ ጉልበቷ ተሽሏት፣ ከኔ ፈጥና ነው የገባችው። ልደውል ስል ፈራሁ፣ እንዳትቆጣት ፈራሁ። «ጥሩዬ፣ ልጅቷ ተጨንቃለች። በለስላሳው አናግሪያት፣ መርቂያት» አልኳት። ጥሩነሽ እጀታውን ያዘችና፣ ተናግራው የማታውቀውን «የኔ እናት፣ የኔ ማር፣ እመብርሃን ትጠብቅሽ» አለች።

ከወዲያ ያለው ድምፅ ለኔም ተሰማኝ። «እማማ ዘነቡ፣ ዛሬ እንኳን ይተዉኝ። በፈጠራችሁ!» ተዘጋ።

ጥሩነሽ እጀታውን እንደያዘች ዞረች። «ምን ሆና ነው? ምን አለች?»

«ሞታለች አለች።»

«ማን?»

«አንቺ።»

ጋሽ ደምሴ አግዳሚው ላይ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲህ መሰረት ስልኳን አላነሳችም። እኔ ግን አርፌ አልተቀመጥኩም፣ ባርፍ ነበር የሚሻለው። አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ብልሃት መጣልኝ። በድምፅ ካላመነች ሰው ሄዶ ይንገራት! ደብተሬን ገልጬ ቤሩት ማዕበሉ ያለባቸውን ሁሉ ደወልኩ። ከሷ ሰፈር የማይርቁ ሦስት ሴቶች አገኘሁ። «በናታችሁ፣ ቤቷ ሄዳችሁ እናትሽ አልሞተችም በሏት» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ሥራ ሳይገቡ፣ እሁድ ማለዳ፣ ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱላት።

አያችሁ ምን እንደሠራሁ? እሁድ ማለዳ። ሦስት ሴት። በነጠላ።

መሰረት በሩን ከፍታ አየቻቸው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ወደቀች። ጩኸቷ ፎቁን በሙሉ ቀሰቀሰ። ሴቶቹ «አልሞተችም! አልሞተችም!» ይላሉ፣ እያለቀሱ፤ ሰው ሲያለቅስ አይተው ዝም ማለት አይችሉማ። እሷ በመሀል ቀና ብላ «ማን ነገራችሁ?» አለቻቸው አሉ። «እማማ ዘነቡ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያጽናናታል? ማዳሟ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ስታያት ፈራች። ትኬት ቆርጣ አሳፈረቻት። ሰባቱ ወር እዚያው ቀረ።

ሴቶቹ አፍረው ስልክ አላነሱልኝም፤ ይሄን ሁሉ እኛ አልሰማንም። እኔ ያወቅሁት አንድ ማለዳ ከቅያሳችን መግቢያ ላይ ዋይታ ስሰማ ነው። ታክሲ ቆሟል፣ ጥቁር የለበሰች፣ ፀጉሯን የተላጨች ልጅ ደረቷን እየመታች ትመጣለች። እኛ ሰፈር ደግሞ ለቅሶ ከተሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ነው ማን ሞተ የሚባለው። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ጥሩነሽም ወጣች! በዳነ ጉልበቷ እየሮጠች፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች፤ ታሞ የከረመው ወንድሟ የሞተ መስሏታል። እናትና ልጅ መንገድ ላይ ተገናኙና አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ከደጄ ላይ ሆኜ አያለሁ።

ጥሩነሽ ናት መጀመሪያ የባነነችው። እጇ የተላጨው ራስ ላይ ነበር። ገፋ አድርጋ አየቻት።

«አንቺ! ይሄን ፀጉር ማን አባቱ ነው የላጨው? በዚህ ብርድ! ነጠላ እንኳን የለሽም? ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞቶ ነው?»

መሰረት መንገድ ላይ ቁጭ አለችና፣ በትንሽዬ ድምፅ «እሺ እማ» አለች።

ሰው ሳቀ፣ ሰው እልል አለ። እኔ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ጥሩነሽን ስሆን ሁልጊዜ ማር ነበር የማደርጋት፤ ማሳቂያው እሱ ነበራ። እውነተኛዋ ስትመጣም እንደኔ ማር ሁኚ አልኳት። ብትቆጣት ኖሮ ልጅቷ በአንድ ቃል ታውቃት ነበር።

በሦስተኛው ቀን መሰረት መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «እማማ ዘነቡ፣ ከእንግዲህ የሰው ድምፅ አያውጡ» አለችኝ። ማልኩላት። የሰላምታውንም ደንብ በዚያው ተውኩት፤ ሰው የፈለገውን ያህል እንዴት ነሽ ይበል፣ ለካ ሰው በዚያ ውስጥ ነው የሚፈላለገው። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ጥጡን አረቄ ነክረው ሰጡኝና «በይ፣ እጀታውን ጥረጊ፤ ሥራ ነው» አሉኝ። ሌላ ተግሣጽ አልሰማሁም። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

መሰረት ላፍቶ ፀጉር ቤት ሦስት ዓመት ሠርታ ዱባይ ሄደች። ቤሩትን በቃሌ ካወቅሁ በኋላ አገር ቀየረችብኝ! እንደገና ከሀ ጀመርኩ። እዛ በረዶ የለም፤ በበጋ ከቧንቧው የሚወርደው ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ ፈልቶ ይመጣል፤ ሰው ለመታጠብ ማታውን ሞልቶ ያሳድራል። ዛሬ በዚያ አገር የራሷ ሁለት የፀጉር ወንበር አላት። ግን ሳያት ያ ሰባት ወር ትዝ ይለኛል፤ እሷ አላነሳችውም፣ እኔ ነኝ የማነሳው።

ጥሩነሽ አምና አረፈች። በዚህ ጊዜ ማንም ለመሰረት አልደወለላትም። ዱባይ ያሉ ወገኖች ማለዳ ሄደው ነገሯት። አርባው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ መሰረት በቪዲዮ ደወለችልኝ። ፊቷ ከስቷል። አገሩን ጠየቅኳት፣ ሙቀቱን ነገረችኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ብዙ ተባባልን። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እማማ ዘነቡ፣ አንድ ጊዜ እሷን ይሁኑልኝ።»

«መሲዬ፣ ምያለሁ እኮ።»

«እኔ ነኝ ያስማልኩዎት። እኔው ፈታሁዎት።»

ምን ላድርግ? ፊቴን እያየች አይሆንም። አርጅቻለሁ፣ ጥርሴም ተሸርፏል፣ እንባዬም መጥቷል። ወንበሬን ዞር ላደርግ አሰብኩ፤ አሁን ግን መዞር ያለበት ስልኩ ነው። አነሳሁና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አንቺ!» አልኩ። «ይሄ ነው እንዴ ፊት? ምን በላሽ? እሱ ምግብ ነው? በዚያ ሙቀት ላይ ጥቁር ለብሰሽ ትውያለሽ? አውልቂው! ሰማሽ?»

ድምፄ እሷን አልመሰለም፤ ተሰንጥቋል። ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅሁ። ከዚያ ከወዲያ፣ በዚያችው ትንሽዬ ድምፅ፦

«እሺ እማ።»